ሙኻለፋና ኢንዛር፦ የትራፊክ ጥፋት የጭነት መኪና ሾፌርን ሥራ የሚነካው እንዴት ነው?

በደማም ወደብ፣ በኾባርና እስከ ጁበይል በሚዘልቀው መስመር የጭነት መኪና የሚነዱ ወገኖቻችን ወደ ጽሕፈት ቤታችን ከሚያመጧቸው ወረቀቶች መካከል ሁለቱ ብዙ ጊዜ አንድ ላይ ታጥፈው ይገኛሉ። አንደኛው «ሙኻለፋ» የሚባለው የትራፊክ ጥፋት ማስታወቂያ ነው፤ ዛሬ በአብዛኛው በስልክ መልእክት የሚደርስ። ሁለተኛው አሠሪው ድርጅት የሚጽፈው «ኢንዛር»፣ ማለትም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው። ሾፌሩ ሁለቱንም «ቅጣት» ብሎ በአንድ ስም ይጠራቸዋል። በሕግ ዓይን ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሙኻለፋ በመንግሥትና በእርስዎ መካከል ያለ ጉዳይ ሲሆን ገንዘቡ ሲከፈል የገንዘቡ ነገር ያበቃል። ኢንዛር በአሠሪዎና በእርስዎ መካከል ነው፤ አንድም ሪያል ላይጠይቅ ይችላል፤ ነገር ግን በግል ማኅደርዎ ውስጥ ተቀምጦ ከወራት በኋላ ከሥራ ለመሰናበትዎ ምክንያት ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። ሾፌሮች አጥብቀው የሚፈሩት የመጀመሪያውን ነው። እንጀራ የሚያሳጣው ግን ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በድርጅት ሥር፣ በንግድ ጭነት ማመላለሻ የተቀጠሩትን ነው። በቤት ሾፌርነት የመጡ ወገኖቻችን የሚተዳደሩት በአጠቃላዩ የሥራ ሕግ ሳይሆን ለቤት ሠራተኞች በወጣው የተለየ ደንብ ስለሆነ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት አንቀጾች በቀጥታ አይሠሩላቸውም። ስለዚህ አስቀድመው ኢቃማዎ ላይ የተጻፈውን የሙያ መጠሪያና በ«ቂዋ» የተመዘገበውን የሥራ ውልዎን ያመሳክሩ። የቤት ሾፌር ተብሎ ተመዝግቦ በተግባር ከባድ መኪና የሚነዳ ሰው ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ ሕጉ በአንቀጽ 38 ሠራተኛን ከተፈቀደለት ሙያ ውጪ ማሠራትን ይከለክላል፤ አደጋ ቢደርስም የመንጃ ፈቃዱ ዓይነት ከመኪናው ጋር አለመግጠሙ በራሱ ሌላ መዘዝ ያመጣል።

መጀመሪያ ስለ ሙኻለፋው። የሳዑዲ ዓረቢያ የትራፊክ ሕግ በንጉሣዊ ድንጋጌ ቁጥር ም/85 በ1428 ዓመተ ሒጅራ፣ በፈረንጆቹ 2007 የወጣ ነው። «ሳሂር» የሚባለው የካሜራ ቁጥጥር ሥርዓት ደግሞ በ2010 ሥራ ጀምሯል። ከዚያ ወዲህ ሾፌር ጥፋቱን የሚያውቀው ፖሊስ አስቁሞት ሳይሆን መልእክት ሲደርሰው ነው። ከገንዘቡ ጎን ለጎን በመንጃ ፈቃዱ ላይ የጥፋት ነጥብ ይመዘገባል፤ ሾፌሮች ቸል የሚሉትም ይህንኑ ነው። ቀይ መብራት መጣስ 12 ነጥብ ያስይዛል፤ ከመንገዱ አቅጣጫ በተቃራኒ መንዳትም እንዲሁ 12። ከተወሰነው ፍጥነት በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ ማለፍ 6 ነጥብ፣ እየነዱ ስልክ በእጅ መያዝና ቀበቶ አለማሰር ደግሞ እያንዳንዳቸው 2 ነጥብ ናቸው። ሰክሮ መንዳት ብቻውን 24 ነው። ነጥቡ በአንድ ዓመት ውስጥ 24 ከደረሰ መንጃ ፈቃዱ ለሦስት ወር ይታገዳል፤ ለሁለተኛ ጊዜ ሲደርስ ለስድስት ወር፣ ለሦስተኛ ጊዜ ለአንድ ዓመት። ከመጨረሻው ጥፋት በኋላ ዓመት ሙሉ ያለ ጥፋት ያሳለፈ ሾፌር ነጥቡ ይሰረዝለታል። ሁለት ቀይ መብራት ማለት የሦስት ወር ሥራ ማለት እንደሆነ ከዚህ ይረዱ።

በገንዘብ በኩልም ቢሆን የከባድ መኪና ነገር ከትንሽ መኪና ይለያል። ብዙ መስመር ባለው መንገድ ላይ የጭነት መኪና የቀኝ መስመሩን ሳይዝ ቢገኝ ቅጣቱ ከ3,000 እስከ 6,000 ሪያል ነው፤ ከቀይ መብራት ቅጣት ጋር እኩል። በደማም፣ በኾባርና በዝሕራን ከተሞች ውስጥ የጭነት መኪኖች እንዳይገቡ የሚከለከሉባቸው ሰዓቶች መኖራቸውን ያውቃሉ፤ እነዚህ ሰዓቶች በረመዳንና ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ወቅት ስለሚለወጡ አምና የነበረውን ይዞ መጓዝ አያዋጣም። ያልተከፈለ ሙኻለፋ እያለ ኢቃማ አይታደስም፤ የመውጫና የመመለሻ ቪዛም ሆነ የመጨረሻ መውጫ አይሰጥም። እናታቸው አርፋ ለቀብር ለመሄድ የተነሡ ሰዎች ያልተከፈለ ቅጣት መኖሩን የሚያውቁት ቪዛ በሚጠይቁበት ቀን ነው፤ ለዚህ ቀን ብቻ ሲባል እንኳ በየወሩ መመልከት ይገባል።

የሚመለከቱት በ«አብሺር» ነው። እዚህ ላይ በአጽንዖት የማሳስበው ጉዳይ አለ። ብዙ ሾፌሮች የአብሺር መለያቸውንና የይለፍ ቃላቸውን ለድርጅቱ ማንዱብ ሰጥተዋል፤ አንዳንዶቹም መለያው የተመዘገበው በማንዱቡ ስልክ ቁጥር ነው። ይህ የቤት ቁልፍን ለጎረቤት ሰጥቶ ውጪ እንደ ማደር ነው። ቁጥሩ በእርስዎ ስልክ እንዲሆን ያድርጉ። በካሜራ የተመዘገበ ጥፋት ፎቶግራፉ በአብሺር ላይ ይታያል፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ከጭነት ወረቀትዎ ጋር ያመሳክሩ። ጥፋቱ የእርስዎ ካልሆነ በ30 ቀን ውስጥ በዚያው በአብሺር ተቃውሞ ማቅረብ ይቻላል። ከ30 ቀን በኋላ ግን እውነት ይዘውም ቢሆን የሚሰማዎት አያገኙም።

ጥፋቱ በማን ስም ነው የሚመዘገበው? መኪናው የድርጅቱ ነው፤ ድርጅቱ በአብሺር ወይም «ተም» በሚባለው የድርጅቶች መድረክ አማካይነት እርስዎን ትክክለኛ ተጠቃሚ አድርጎ ካስመዘገበ ጥፋቱና ነጥቡ ወደ እርስዎ ይመጣል። ካላስመዘገበ በባለቤቱ ስም ይቀራል። ሁለት ሾፌሮች በአንድ መኪና በፈረቃ በሚሠሩበት ቦታ ምዝገባው ሳይቀየር ይቆይና የሌሊቱ ሾፌር ጥፋት በቀኑ ሾፌር ላይ ይወድቃል። መኪና በተረከቡና ባስረከቡ ቁጥር ቀንና ሰዓት የያዘ ወረቀት ይፈራረሙ፤ ይህ ካልተቻለ ቢያንስ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ፎቶግራፍ አንሥተው ለሙሽሪፉ በዋትሳፕ ይላኩ።

ሌላው አከራካሪ ነገር ቅጣቱን ማን ይክፈል የሚለው ነው። ፍጥነት፣ ቀይ መብራት፣ ስልክ፣ ቀበቶ የነጂው ናቸው፤ በዚህ አሠሪን መክሰስ አይቻልም፤ ተገቢም አይደለም። ጊዜው ያለፈበት ኢስቲማራ፣ ያልታደሰ ኢንሹራንስ፣ ያልተደረገ ፈሕስ፣ ያለቀ ጎማ፣ ሙሽሪፉ ራሱ ያዘዘው ከመጠን ያለፈ ጭነት ግን የመኪናው ባለቤት ጉድለቶች ናቸው። ድርጅቱ እነዚህን በስሙ ከፍሎ ከደመወዝዎ በዝምታ ቢቆርጥ የሥራ ሕጉ አንቀጽ 92 ይቃወመዋል። አንቀጹ ያለ ሠራተኛው የጽሑፍ ፈቃድ ከደመወዝ ሊቆረጡ የሚችሉትን ምክንያቶች ዘርዝሮ ያስቀመጠ ነው፤ አሠሪው የሰጠው ብድር፣ ማኅበራዊ ዋስትና፣ በደንቡ መሠረት የተጣለ የዲሲፕሊን መቀጮና የንብረት ጉዳት፣ የፍርድ ቤት ውሳኔና የመሳሰሉት። «የትራፊክ ቅጣት» የሚል ቃል በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ስለዚህ ድርጅቱ የጽሑፍ ፈቃድዎን ይፈልጋል። ሥራ በጀመሩበት ቀን በፊትዎ ከተደረደሩት የአረብኛ ወረቀቶች አንዱ ይኸው ፈቃድ ሊሆን ስለሚችል ፈርመው ከሆነ ቅጂውን ይጠይቁ። በሌላ በኩል አንቀጽ 8 በሥራ ውሉ ዘመን ሠራተኛው ሕጉ የሰጠውን መብት የሚያስቀር ስምምነት ለሠራተኛው የሚሻል ካልሆነ በቀር ዋጋ እንደሌለው ይደነግጋል፤ «ማንኛውም ቅጣት በሾፌሩ ላይ ነው» የሚል ጥቅል አነጋገር ያለቀ ጎማን ያካትታል ብሎ መከራከር ለድርጅቱ ቀላል አይሆንም።

ስለ ኢንዛር

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። የሳዑዲ የሥራ ሕግ፣ ማለትም በ2005 በንጉሣዊ ድንጋጌ ቁጥር ም/51 የወጣውና ከዚያ ወዲህ በተደጋጋሚ የተሻሻለው፣ ስለ ሠራተኛ ቅጣት ከአንቀጽ 66 እስከ 73 በዝርዝር ይደነግጋል። አሠሪ ሊጥል የሚችላቸው ቅጣቶች የተቆጠሩ ናቸው፤ ማስጠንቀቂያ፣ መቀጮ፣ የደመወዝ ጭማሪን ማዘግየት፣ የደረጃ ዕድገትን ማዘግየት፣ ያለ ደመወዝ ከሥራ ማገድ፣ በመጨረሻም በሕጉ በተወሰኑት ምክንያቶች ማሰናበት። በሕጉ ወይም በድርጅቱ የሥራ ደንብ ያልተጻፈ ቅጣት ሊጣል አይችልም። ይህ «ላኢሐ» የሚባለው የሥራ ደንብ በሠንጠረዥ የተዘጋጀ ሲሆን ለእያንዳንዱ ጥፋት በመጀመሪያ፣ በሁለተኛ፣ በሦስተኛና በአራተኛ ጊዜ የሚጣለውን ቅጣት ያሳያል። አሠሪዎ የትራፊክ ጥፋትን በዚህ ሠንጠረዥ ውስጥ በየትኛው ረድፍ እንዳስቀመጠው ማወቅ መብትዎ ነው። ብዙ ሾፌሮች ግን አራት ዓመት ሠርተው ይህን ወረቀት አንድ ቀን እንኳ አላዩትም።

ከማስጠንቀቂያ በፊት መሟላት ያለባቸው ነገሮች አሉ። በአንቀጽ 71 መሠረት አሠሪው የተከሰሱበትን ነገር በጽሑፍ ማስታወቅ፣ መጠየቅ፣ መከላከያዎን መስማት፣ ይህንንም በቃለ ጉባኤ መመዝገብ አለበት። ቅጣቱ ከማስጠንቀቂያ ወይም ከአንድ ቀን ደመወዝ የማይበልጥ ቀላል ጥፋት ሲሆን ጥያቄው በቃል ሊሆን ይችላል፤ ያኔም ቢሆን ቃለ ጉባኤ መያዙ አይቀርም። «ና ፈርም» ብቻ ተብሎ የተሰጠ ኢንዛር ጉድለት ያለበት ነው። በአንቀጽ 69 መሠረት ደግሞ ጥፋቱ ከታወቀ ከ30 ቀን በላይ ካለፈ ሠራተኛው ሊከሰስበት አይችልም። ሳሂር በጥር ወር ያነሣውን ፎቶግራፍ ድርጅቱ በጥር አውቆት፣ ኢንዛሩን ግን በሐምሌ ሾፌሩ ደመወዝ ይጨመርልኝ ባለ ማግስት ቢጽፈው ጊዜው አልፎበታል። ሐሳቡ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም፤ የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 27 ያለ ማስጠንቀቂያ የማሰናበትን መብት ከ30 የሥራ ቀናት በላይ እንዳይዘልቅ ገድቦታል።

አንቀጽ 68 ለሾፌር ትልቅ ጥቅም ያለው ነው። የመጀመሪያው ቅጣት ከተነገረዎት ቀን ጀምሮ 180 ቀን ካለፈ በኋላ ተመሳሳይ ጥፋት ቢፈጽሙ «ደገመ» ተብሎ ቅጣቱ ሊከብድ አይችልም። ሦስት ኢንዛር አለህ እየተባለ የሚያስፈራራ አሠሪ ሲያጋጥምዎ መጀመሪያ የሚመለከቱት በወረቀቶቹ ላይ ያሉትን ቀኖች ነው። ቀኖቹ በሒጅራ አቆጣጠር ተጽፈው ሊሆን ስለሚችል በፈረንጆችና በእኛ አቆጣጠር ምን ላይ እንደሚውሉ አጠገቡ ይጻፉ።

አንቀጽ 70 ደግሞ ሦስት ገደቦችን ያስቀምጣል። ከሥራ ቦታ ውጪ ስለተፈጸመ፣ ከሥራው፣ ከአሠሪው ወይም ከኃላፊው ጋር ግንኙነት ስለሌለው ድርጊት አይቀጡም፤ ዓርብ ዕለት በኾባር ሱቅባ ሠፈር የወንድምዎን መኪና ሲነዱ ያገኙት ሙኻለፋ የድርጅቱ ጉዳይ አይደለም፤ ምንም እንኳ ነጥቡ በዚያው በመንጃ ፈቃድዎ ላይ ቢመዘገብም። ለአንድ ጥፋት ሁለት ቅጣት አይጣልም። ለአንድ ጥፋት የሚጣል መቀጮም ከአምስት ቀን ደመወዝ መብለጥ የለበትም፤ በአንድ ወር ውስጥ ለመቀጮ ተብሎ የሚቆረጠውም እንዲሁ ከአምስት ቀን ደመወዝ አያልፍም።

ወረቀቱ ሲመጣ ምን ይደረግ? አለመቀበል መፍትሔ አይደለም። ሕጉ ሠራተኛው አልቀበልም ቢል በሪኮማንዴ ደብዳቤ እንዲላክለት ይፈቅዳል፤ ከዚያ በኋላ እንዳወቁ ይቆጠራል። ይቀበሉ፤ ፎቶግራፍ ያንሡ፤ ከፊርማዎ በላይ በእጅዎ ጽሑፍ «ደርሶኛል፤ አልስማማበትም» ብለው ቀኑን ይጻፉ። በአማርኛ ቢጽፉትም ይበቃል፤ በአረብኛ ከሆነ «ኢስተለምቱ ወላ ኡዋፊቅ» ይባላል። ይህች አንድ መስመር ፊርማዎ ለመረከብ እንጂ ጥፋትን ለማመን እንዳልሆነ ታሳያለች። አልፈርምም ብሎ መጨቃጨቅ ግን በራሱ «ትእዛዝ አልቀበልም አለ» ተብሎ ለሁለተኛ ኢንዛር ምክንያት ሲሆን አይተናል። ቀጥሎ 15 ቀን ሳይሞላ ተቃውሞዎን በጽሑፍ ያቅርቡ። ባዶ ወረቀት ላይ ግን በምንም ምክንያት አይፈርሙ።

ኢንዛር ሥራ የሚያሳጣው በዚህ መንገድ ነው። አንቀጽ 80 አሠሪ ያለ ቅድመ ማስታወቂያ፣ ያለ ካሳና ያለ አገልግሎት ክፍያ ሠራተኛን የሚያሰናብትባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል። ሁለተኛው ምክንያት ሠራተኛው በውሉ ያለበትን መሠረታዊ ግዴታ አለመፈጸሙ፣ ሕጋዊ ትእዛዝን አለማክበሩ፣ ወይም በግልጽ ቦታ የተለጠፈን የደኅንነት መመሪያ ሆን ብሎ መጣሱ ነው፤ ይህ ሁሉ ግን «በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት እያለ» ሲሆን ነው። ስለዚህ ያለ ኢንዛር ይህ በር አይከፈትም። ሾፌርን ያለ ክፍያ ማሰናበት የሚፈልግ አሠሪ አስቀድሞ ወረቀት የሚያከማቸው ለዚህ ነው። ልብ ይበሉ፤ ሁሉም አሠሪ እንዲህ ያስባል ማለቴ አይደለም። አርባ ቶን ጭኖ በከተማ ውስጥ የሚያልፍ መኪና ሰው ይገድላል፤ ፍጥነት የሚያበዛን ሾፌር ማስጠንቀቅ የአሠሪ ግዴታም ነው፤ በዚህ ረገድ ከአሠሪው ጎን የምንቆምበት ጊዜ አለ።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። ደመወዙ 2,400 ሪያል የሆነ፣ አራት ዓመት ያገለገለ፣ ውሉ ሊያልቅ ሰባት ወር የቀረው አንድ ሾፌር እናስብ። በአንቀጽ 84 መሠረት ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት የአገልግሎት ክፍያ በየዓመቱ የግማሽ ወር ደመወዝ ስለሆነ 4,800 ሪያል ይደርሰዋል። የውጭ አገር ሠራተኛ ውል ጊዜው የተወሰነ ስለሆነ፣ በውሉ የተለየ የካሳ መጠን ካልተቀመጠ በቀር፣ አሠሪው ያለ በቂ ምክንያት ቢያቋርጠው በአንቀጽ 77 የቀረውን ጊዜ ደመወዝ ይከፍላል፤ ይህም 16,800 ሪያል ነው፤ ከሁለት ወር ደመወዝ በታችም ሊሆን አይችልም። ድምሩ 21,600 ይሆናል። አሠሪው አንቀጽ 80ን በትክክል ተጠቅሞ ካሰናበተው ግን ከሁለቱ አንዱንም አያገኝም፤ የሚቀርለት ያልተከፈለ ደመወዙና ያልወሰደው የዓመት ፈቃድ ነው። በሁለቱ መካከል የቆመው አንዳንድ ጊዜ ሳይነበብ የተፈረመ አንድ ወረቀት ነው።

አንቀጹ «ሕጋዊ ትእዛዝ» ማለቱም ያለ ነገር አይደለም። ከሚዛን በላይ ጭነህ ሂድ፣ በተከለከለው ሰዓት ከተማ ግባ፣ ሳታርፍ ንዳ የሚሉ ትእዛዞች ሕጋዊ አይደሉም። አንቀጽ 101 ሠራተኛ ቢያንስ የ30 ደቂቃ ዕረፍት ሳያገኝ ከአምስት ተከታታይ ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ይከለክላል። ከደማም ወደ ሪያድ ያለው መንገድ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በጭነት መኪና ፍጥነት አምስት ሰዓት ይፈጃል። በወደብ ሰልፍ ላይ ሌሊቱን አድረው ወዲያው ለመንገድ ቢታዘዙ «አልችልም» ከማለት ይልቅ «ከዚህ ሰዓት ጀምሮ ሥራ ላይ ነኝ፤ ዕረፍት አድርጌ በዚህ ሰዓት እነሣለሁ» ብለው በዋትሳፕ ይጻፉ። የመጀመሪያው እምቢታ ይመስላል፤ ሁለተኛው ማስረጃ ነው።

በዚህ ክፍለ ግዛት የተለመደ ሌላ ችግር ደግሞ የበር መግቢያ ካርድ ነው። ብዙ የጭነት ድርጅቶች የሚሠሩት በትላልቅ የነዳጅና የፋብሪካ ተቋማት ኮንትራት ነው። ተቋሙ በግቢው ውስጥ ፍጥነት ያለፈን ሾፌር የመግቢያ ካርዱን ሊነጥቀው ይችላል። ይህ የተቋሙ እርምጃ እንጂ የአሠሪዎ ቅጣት አይደለም፤ በአንቀጽ 80 ዝርዝር ውስጥም በራሱ የተጻፈ ምክንያት አይደለም። እርስዎ ለሥራ ዝግጁ ሆነው በሰዓቱ እየተገኙ ምድብ ያልሰጡዎት አሠሪው ከሆኑ በአንቀጽ 62 ደመወዙ ይታሰብልዎታል፤ ካርዱ የተነጠቀው በእርስዎ ጥፋት ከሆነ ግን አሠሪው ምክንያቱ ከእኔ አልመነጨም ብሎ ሊከራከር እንደሚችል ይወቁ። በየጠዋቱ መገኘትዎን የሚያሳይ ነገር ይያዙ፤ በሌላ መስመር እንዲመድብዎም በጽሑፍ ይጠይቁ።

መንጃ ፈቃድ ለሦስት ወር ቢታገድስ? ይህ ከሁሉ የሚከብደው ነው። የታገደ ሰው መንዳት አይችልም፤ አሠሪም እንዲነዳ ማዘዝ አይችልም። ለአሠሪው ይሸሽጉት ይሆን? አይሸሽጉ። በታገደ ፈቃድ ሲነዱ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ ለተጎጂው የከፈለውን ገንዘብ ከእርስዎ ሊጠይቅ ይችላል፤ ያኔ የሚነጋገሩት ስለ ወር ደመወዝ አይሆንም። ያልተጠቀሙበት የዓመት ፈቃድ ካለ በዚያ ጊዜ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ጊዜያዊ ሌላ ሥራ ቢሰጥዎ በጽሑፍ መስማማትዎ አስፈላጊ ነው፤ አንቀጽ 60 ከውሉ በመሠረቱ የተለየ ሥራ ያለ ሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት እንዲሰጥ የሚፈቅደው ለአስገዳጅ ሁኔታና በዓመት ከ30 ቀን ላልበለጠ ጊዜ ብቻ ነው። በተግባር ያየነው፣ ቀድሞ ተናግሮ በዎርክሾፕ ወይም በመጋዘን ሦስት ወር ያሳለፈ ሾፌር ወደ መሪው ሲመለስ፣ ሸሽጎ የተያዘው ግን ሲሰናበት ነው።

ስለ ንብረት ጉዳት

የመኪና ግጭት ሲደርስ ጥፋተኛነት በመቶኛ ተከፋፍሎ በሪፖርት ይጻፋል፤ ቀላልና ኢንሹራንስ ባላቸው መኪኖች መካከል የሆነውን «ነጅም» ይመዘግባል፤ ሰው የተጎዳበትን የትራፊክ ፖሊስ ይይዘዋል። በምሥራቁ ክፍለ ግዛት የአስቸኳይ ጊዜ ቁጥሩ 911 ነው። ሪፖርቱን ሳይይዙ አይለያዩ፤ ለድርጅቱ ጥያቄ የሚመልሱት በእርሱ ነውና።

አንቀጽ 91 አሠሪው ለመኪናው ጥገና ከደመወዝ እንዲቆርጥ የሚፈቅደው ጉዳቱ በሠራተኛው ጥፋት ወይም መመሪያ በመጣስ የደረሰ እንደሆነ፣ በሌላ ሰው ጥፋት ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ያልሆነ እንደሆነ ነው። ያኔም በወር ከአምስት ቀን ደመወዝ በላይ መቁረጥ አይችልም። በ2,400 ሪያል ደመወዝ የቀኑ 80፣ የአምስት ቀኑ 400 ሪያል ነው፤ የ6,000 ሪያል ጥገና 15 ወር ይፈጃል ማለት ነው። ደመወዙን በሙሉ ለሁለት ወር ከለከለኝ የሚል ሾፌር መኪናውን ቢያጋጭም እንኳ በዚህ ነጥብ ትክክል ነው። ልዩ ልዩ ተቀናሾች ተደምረውም ከደመወዙ ግማሽ ማለፍ የለባቸውም። የጉዳቱን ግምት የማይቀበሉ ከሆነ ሕጉ የሰጠው ጊዜ አጭር ነው፤ ከተነገረዎት ቀን ጀምሮ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ አቤት ይበሉ።

ኢንዛር የደረሰው ሾፌር የሚሠራው ትልቁ ስሕተት ተናድዶ ሥራ መቅረት ነው። አንቀጽ 80 በዓመት ውስጥ ከ30 ቀን በላይ ወይም በተከታታይ ከ15 ቀን በላይ ያለ በቂ ምክንያት የቀረን ሠራተኛ ማሰናበትን ይፈቅዳል፤ በተከታታይ ለሚቀረው ከ10 ቀን በኋላ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። ከዚህም በላይ አሠሪው ከሥራ እንደጠፉ ሊያስመዘግብ ይችላል፤ ያን ጊዜ የነበረዎት ትንሽ የትራፊክ ክርክር ወደ ኢቃማ ክርክር ይለወጣል። ቢያባርሩዎ እንኳ የስንብት ደብዳቤው በእጅዎ እስኪገባ ድረስ በየዕለቱ በሥራ ቦታ ይገኙ።

አቤቱታ የሚጀመረው በሰው ሀብትና ማኅበራዊ ልማት ሚኒስቴር የስምምነት መድረክ፣ «ዉዲ» በሚባለው ነው፤ ከመጀመሪያው ቀጠሮ ጀምሮ በ21 የሥራ ቀን ውስጥ ካልተስማሙ ጉዳዩ ወደ ሥራ ፍርድ ቤት ይተላለፋል። የሥራ ፍርድ ቤቶች ከ2018 ጀምሮ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር የሚሠሩ ሲሆን ሠራተኛ ለዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። የሚኒስቴሩ የስልክ መስመር 19911 ነው። የሥራ ግንኙነቱ ከተቋረጠ 12 ወር ካለፈ በኋላ የቀረበ ክስ አይሰማም። ሥራ ሲለቁ የሚሰጥዎት የአገልግሎት የምስክር ወረቀትም በነፃ ነው፤ ስምዎን የሚያጎድፍ ወይም ሌላ ሥራ የማግኘት ዕድልዎን የሚቀንስ ነገር፣ የቀድሞ ኢንዛርን ጨምሮ፣ እንዳይጻፍበት አንቀጽ 64 ይከለክላል።

የምሥራቁ ክፍለ ግዛት ነዋሪዎች ጉዳይ የሚታየው በሪያድ በሚገኘው ኤምባሲያችን ነው። መንገዱ ሩቅ፣ የሚሄዱበትም ቀን ከደመወዝ የሚቆረጥ ስለሆነ ከመምጣትዎ በፊት ሰነዶቹን በስልክ ይላኩ፤ የኢቃማውን ሁለት ገጽታ፣ በቂዋ የተመዘገበውን ውል፣ የደረሰዎትን እያንዳንዱን ኢንዛር፣ የአብሺሩን የሙኻለፋ ዝርዝር፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ወራት የደመወዝ መግለጫ፣ የነጅም ወይም የፖሊስ ሪፖርት ካለ እርሱንም። ከሙሽሪፉ ጋር የተለዋወጡትን የዋትሳፕ መልእክት አያጥፉ፤ ስልክ ከመለወጥዎ በፊትም ቅጂ ያስቀምጡ። አረብኛ የማያነቡ ከሆነ ወረቀቱን ከመፈረምዎ በፊት ይላኩልን፤ የምንተረጉምልዎት ያለ ክፍያ ነው።